የዝናሽ ልብ በሩቅ አገር

ሰቆጣ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዶክተር ጸሐይነሽ ወንዳወቅ፣
ኬፕታውን

ደጁን የምጠናው አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ቄስ ገብረ አምላክ እባላለሁ፤ የዝናሽ አባት ነኝ። ለእሷ የላክሽው ደብዳቤ በባሏ በይስማው ስልክ ገብቶ ትናንት አነበበልኝ። በዕድሜ ልጄ ስለምትሆኚ አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝ። አባትሽንም አውቀዋለሁ፤ ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋ የነበረው ወንዳወቅ አይደል? ይህን የለበስኩትን ቀሚስ የሰፋልኝ እሱ ነው።

ዝናሽ ከድካሟ ዐርፋለች። ስለዚህ ከእንግዲህ የምትጽፊውን ለእኔ ጻፊው። ስልክ አትደውዪ፤ ጆሮዬ ከብዷል። እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ይስማው ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። ኔትዎርክ ሲጠፋ ዝም አሉኝ ብለሽ አትዘኚብን።

የጠየቅሽውን ልመልስ። ወንድሟ ደሴ የሞተው በጥምቀት ዕለት ነው። አልታመመም፣ አልጠጣም። ከጎረምሶቹ ጋር ሲዘል ቆይቶ በፊቱ ተደፋ፤ ስናነሣው አልነበረም። የእናቷ ወንድም ካሤም በጽጽቃ በኩል ጎርፍ መጣ ሲባል ሮጦ ዳገቱን ከወጣ በኋላ፣ አመለጥኩ ባለበት ቦታ ላይ እንዲሁ ሆነ። ሰው ብዙ ብሏል። ዓይነ ጥላ ያለም አለ፣ የእናታቸው ዘር ነው ብሎ ያማም አለ። እኔ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላውቅም ነበር። ዝናሽ ከአዲስ አበባ ስትመለስ፣ «አባዬ፣ ሲደነግጥ ምቱ የሚዘበራረቅ ልብ ነው ያለን፤ በዘር ይወርዳል» ብላ ስትነግረኝ፣ ነገሩ ስም ያለው መሆኑ ራሱ እፎይ አሰኘኝ።

ሥራው ይቀጥል ወይ ላልሽው፣ በነሐሴ ለጥናትሽ ደሟን ስትሰጥ የሰጠችው ፈቃድ እንደ ጸና ነው። ቀጥሉ። ልጇ ዓይናዲስ አራት ዓመቷን ይዛለች። አሁን እኛ ጋ ናት። እሷም ይኑርባት አይኑርባት ማወቅ እንፈልጋለን።

አንድ ነገር ግን አስረጂኝ። ከክንድ የተቀዳ ደም እንዴት ልብ ይሆናል? ዝናሽ ልታስረዳኝ ጀምራ ነበር፤ እሷም ስትስቅ እኔም ስስቅ ሳይገባኝ ቀረ።

ቄስ ገብረ አምላክ


ኬፕታውን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምሬ ገብረ አምላክ፣

ቡራኬዎ አይለየኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ከሥራ ቦታዬ ወጥቼ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። የአባቴ ስም በሰቆጣ ሰው እጅ ተጽፎ ካየሁ ስንት ዘመኔ! ቀሚስዎ አሁንም ስፌቱ እንደያዘ ከነገሩኝ አዲስ አበባ ላለው አባቴ እጽፍለታለሁ፤ ይኮራል።

ዝናሽ ማረፏን ስሰማ ደስ አለኝ። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ ቤት መዋሏ መልካም ነው፤ ሐኪሙም የመከራት ይህንኑ ነው። እሷን ተቀምጦ ማየት እንደሚያስቸግር አዲስ አበባ በነበርንበት ጊዜ ታዝቤያለሁ። ነርሷ ደሟን ስትቀዳ ምን እንዳለች ነግራዎታለች? «ይህችን ከምታህል ደም ልብ ከሠራችሁ፣ ለባሌም አንድ ሥሩለት፤ የእሱ ደንዳና ነው።» ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት መርፌውን ልትነቅለው ነበር።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ደም ውስጥ ብዙ ዓይነት ሕዋስ አለ። እኛ የምንወስደው ከነጮቹ ወገን ነው። ይህ ሕዋስ ሙያውን ተምሮ የጨረሰ ነው፤ ደም ከመሆን በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም። እርስዎ በሚያውቁት ልመስልልዎ። አንድ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ዘልቆ፣ ዜማ ቤት ገብቶ፣ የዜማ መምህር ወጣው እንበል። እኛ ያንን መምህር ወደ ፊደል ቤት እንመልሰዋለን። ወደ ሕዋሱ ውስጥ ጥቂት መልእክቶች እናስገባለን፤ መልእክቶቹም «ደም ነህ» የሚለውን ትእዛዝ ሽረው «አንተ ገና ምንም አልሆንክም» ይሉታል። ከብዙ ሺህ አንዱ ቢሰማ ነው። የሰማው ግን ይራባል፤ በሳህኑ ላይ ክብ ክብ መንደር ይሠራል። ይህን ስቴም ሴል እንለዋለን። ቅርንጫፉ ገና ያልወጣ ግንድ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ አመጋገባችን ነርቭም፣ ጉበትም፣ ልብም ሊሆን ይችላል።

የዝናሽን ሕዋስ ልብ መሆን እናስተምረዋለን። ያን ጊዜ ደረቷን ሳንነካ ልቧ ሲደነግጥ ምን እንደሚሆን እናያለን፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚበጀውም እንፈትናለን። መንደሮቹ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ታይተዋል። ይንገሩልኝ፤ ሁሉን ነገር እንድነግራት አስምላኛለች።

ሐኪሙ ያዘዘላትን ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች? ማዞርስ አለባት?

አክባሪዎ ጸሐይነሽ


ሰቆጣ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ጸሐይነሽ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ይስማው አነበበልኝ። ስለ ደንዳናው ልብ የተጻፈው ጋ ሲደርስ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ ወደ ውጭ ወጣ። የቀረውን በመነጽሬ እየተቸገርኩ ራሴ ጨረስኩት።

ምሳሌሽ ገብቶኛል፤ አላረካኝም። መምህሩ ወደ ፊደል ቤት ሲመለስ ዜማውን ይረሳል? ከረሳ ያው ሰው ነው ማለት ይቻላል? ካልረሳስ ተመለሰ ይባላል? ብዙ ተማሪ አሳልፌያለሁ፤ ሀሁን የረሳ መምህር አይቻለሁ፣ መምህርነቱን የረሳ ግን አላየሁም። አስቢበት።

ክኒኑን ትወስዳለች ወይ ላልሽው፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ አንድም ቀን አላስታጎለችም። ይህን አጥብቀሽ ያዥልኝ። ማዞር አለባት ወይ ላልሽው፣ አሁን የለባትም።

እኔም ልጠይቅሽ፤ ለዕውቀት ያህል ነው። ደሙን የሰጠው ሰው በአንድ ምክንያት ቢቀር፣ ከደሙ የተነሣው ሕዋስ ምን ይሆናል? ትደፉታላችሁ?

ስለ ዓይናዲስ ልንገርሽ። በቀደም ውሻ ደረሰባትና ጮኸች፤ ፊቷ ዐመድ መሰለ፣ ወደቀች። ውኃ እስክናመጣ ራሷ ተነሣች። እናቷም በዚህ ዕድሜዋ እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ እኛ ፍርሃት መስሎን እንቆጣት ነበር። የሕፃን ክኒን አለ?

ቄስ ገብረ አምላክ


ኬፕታውን፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምሬ ገብረ አምላክ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዓይናዲስ። እባክዎ አይቆዩ። ሰቆጣ ሆስፒታል ወስዳችሁ፣ ዝናሽን ወደሚያያት የአዲስ አበባው የልብ ሐኪም ደብዳቤ አጽፉ። ለእሱ ጽፌለታለሁ፤ ይጠብቃችኋል። ትንሽ ደም ይወስዱላታል፤ ከእናቷ ወርሳ እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል። እስከዚያው አታስሯት፣ አታስፈራሯትም። የሚያሯሩጥ ጨዋታ ብቻ ይቅርባት።

የጠየቁኝን ልመልስ። ደሙን የሰጠው ሰው ተዉት ካለ በዚያው ቀን እንተዋለን፤ ምክንያት አይጠየቅም። ሰውየው ከሞተ ደግሞ አስቀድሞ የተናገረው ይፈጸማል። ዝናሽ በዚህ ላይ ያለችው የለም። ስጠይቃት «ገና ልጅ ነኝ፣ እለፊው» ብላ ሳቀች፤ እኔም አለፍኩት። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ምነው ይህን ጠየቁኝ?

አሁን የምሥራቹን ልንገርዎ። ማክሰኞ ጠዋት ሳህኗን ከማሞቂያው አውጥቼ በማይክሮስኮፑ ባያት፣ ጠርዟ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። እኔ ያወዛወዝኩት መሰለኝና ጠረጴዛውን ለቀቅኩት። እንደገና አየሁ። ይመታል! የነካው የለም፣ ያዘዘው ነርቭ የለም፤ በራሱ ይኮማተራል፣ ይፈታል፣ ይኮማተራል። ይህን ሥራ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል፤ ሲመታ ሳይ አሁንም እንደ መጀመሪያው ቀን ይደንቀኛል። ይህኛው ደግሞ የአገሬ ልጅ ነው።

ቪዲዮውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ለዝናሽ ያሳዩልኝ። ከሁሉ በፊት እሷ እንድታይ ቃል ገብቼላታለሁ። አንዲት መስመር ራሷ ብትጽፍልኝ ደግሞ ምንኛ ደስ ባለኝ! ተቀይማኝ ይሆን?

አክባሪዎ ጸሐይነሽ


ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ጸሐይነሽ፣

ዝናሽ ሞታለች። በጥቅምት ነው የሞተችው፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ቀብረናት ነበር።

ዐርፋለች ብዬ ጻፍኩልሽ። ቄስ ሲጽፈው ይህ ቃል አንድ ፍቺ ነው ያለው። አንቺ በሌላው እንደ ፈታሽው ከመልስሽ ዐወቅሁ፤ ዐውቄም አላረምኩሽም። ሞተች ካልኩ ሳህኑን የምትደፉት መስሎኝ ነው። ዓይናዲስ በፊቴ ትሯሯጣለች፤ የእሷን ነገር የሚያውቅ በዓለም ላይ ያ ሳህን ብቻ ሆኖ ታየኝ።

አሟሟቷን ማወቅ ይገባሻል። በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልጇን በእጇ ይዛ ነበር። ከጭነት መኪና ያወረዱት ኮርማ ገመዱን በጥሶ ሕዝቡን በተነው። ልጇን ብድግ አድርጋ ሮጠች። ሱቅ ደጃፍ ላይ አስቀመጠቻት፤ ከጎኗ ተቀመጠች። አልተነሣችም። ክኒኗን ጠዋት ውጣ ነበር፤ ይስማው አይቷታል። አጥብቀሽ ያዥልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ክኒኑ አልበቃትም።

ለመናገር የተገደድኩት በላክሽው ቪዲዮ ምክንያት ነው። ይስማው ብቻውን ሲያየው ባለቤቴ ጥሩሐረግ ከኋላው ቆማ ኖሮ «ምንድን ነው?» አለችው። እሱም መደበቅ አልሆነለትም። ጥሩሐረግ አማርኛ ትሰማለች፤ ሐዘኗ ግን በኽምጥኛ ነው። በራሷ ቋንቋ ጮኸች። ጎረቤት ሌላ ሰው የሞተብን መስሎት ተሰበሰበ።

«ፍትሐት የደረሰላት ልጄ፣ አፈር የለበሰች ልጄ፣ ልቧ በሰው አገር ይመታል?» አለችኝ። «ታዲያ እኔ የቀበርኩት ማንን ነው?»

ይቁም ትላለች። ይመለስልኝና ከእሷ ጋር ይቀበር ትላለች። እኔ ይቀጥል እላለሁ። በአንድ ቤት ተቀምጠን፣ ጾሙን አብረን እየጾምን፣ በዚህ ነገር አንነጋገርም። አባት ነኝ ብዬ ብቻዬን ልፈቅድልሽ እችል ይሆናል፤ የወለደቻት ግን እሷ ናት። ስለዚህ እስክጽፍልሽ ምንም አታድርጊ።

ቄስ ገብረ አምላክ


ኬፕታውን፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምሬ ገብረ አምላክና ለእማማ ጥሩሐረግ፣

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይህን ቃል ከስድስት ወር በፊት ልላችሁ ይገባኝ ነበር። «ማረፏን ስሰማ ደስ አለኝ» ብዬ ጽፌላችኋለሁ። ያን ስታነቡ የተሰማችሁን ሳስብ አፍራለሁ፤ ይቅር በሉኝ። አላረሙኝም ብዬ አልቀየምዎትም፤ እኔም ብሆን ልጅ በፊቴ ስትሯሯጥ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሥራውን አቁሜያለሁ። ግንዶቹን በጣም በቀዘቀዘ ናይትሮጅን ውስጥ አስቀምጬአቸዋለሁ፤ እዚያ ውስጥ አያድጉም፣ አይሞቱምም። እናንተ እስክትወስኑ የሚነካቸው የለም።

እማማ ጥሩሐረግ፣ ልጅዎን ያወቅኋት ለጥቂት ቀናት ነው፤ ግን እንደ ዘመድ አዝኛለሁ። በቪዲዮው ያዩት ዝናሽ አይደለችም። አያስብም፣ አያመውም፣ እናት እንዳለው አያውቅም። በመጠንም ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ከዝናሽ የተገኘ መሆኑን ግን አልክድዎትም፤ ዝም ብሎ ዕቃ ነው ብዬ ላቃልልብዎ አልችልም። መልሼ ልልከው አልችልም፤ መንገድ ላይ ይጠፋል። ይቁም ካሉኝ ግን በእጄ አቆመዋለሁ። ለሌላ ሰው አልሰጠውም።

ቢቆም የሚቀርብንንም መደበቅ የለብኝም። ለዝናሽ የታዘዘው ክኒን ለዚህ በሽታ የተለመደው ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። እሷን አላዳናትም። ለዓይናዲስም ያው ክኒን ይሰጣት ይሆናል። ሌላ መድኃኒት ቢጨመርበት ይሻል እንደሆነ ሕፃን ላይ አይሞከርም። በእናቷ ሕዋስ ላይ ግን ሊሞከር ይችላል።

ይኸው ነው። አልለምናችሁም፤ አላስቸኩላችሁም።

ጸሐይነሽ


ሰቆጣ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ጸሐይነሽ፣

ዘገየሁብሽ። ኔትዎርኩ ጠፍቶ ነበር ብል እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። ጥሩሐረግ ዝም ብላ ስለከረመች ነው።

መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ ጋ ሄጄ ነበር፤ በደብራችን የሚበልጠው የለም። ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና «ነፍስ የሌለበት ሥጋ ነው የሚመታው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ሰው የተከለው ወይራ ተካዩ ከሞተ በኋላ ቢያቆጠቁጥ፣ ሰውየው ከመቃብር ወጣ አይባልም። ጥላው ለልጆቹ ነው» አለኝ።

ለእኔ በቃኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ለጥሩሐረግ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና «መሪጌታ ልጅ ቀብሯል?» አለች። ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የዓይናዲስ የደም ውጤት በግንቦት መጣ። እንደ እናቷ ነው፤ ወርሳለች። ሐኪሙ ያንኑ የተለመደውን ክኒን በትንሹ ጀመረላት። በሰኔ መጨረሻ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል፣ ጥሩሐረግ ታቅፋት በር ላይ ተቀምጠው ሳለ መብረቅ ጮኸ። ልጅቱ ክንዷ ላይ ዝልፍልፍ አለች። ክኒኗን ወስዳ ነበር። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነፍሷ ተመልሶ ዳቦ ትበላለች፤ ጥሩሐረግ ግን እጇን ከልጅቱ ደረት ላይ አላነሣችም። የምትቆጥር ትመስል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠራችኝ። ንግግሯን እንዳለ ላስቀምጥልሽ።

«ያቺ ሴት ልጅ አላት?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ሳህኑን የምትይዘው በእጇ ነው?»

«በእጇ ነው። ጽፋልናለች።»

«ትሥራ» አለች። እኔ አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። «አትቸኩል፤ አልጨረስኩም። ይህ ነገር በእኔ በኩል ነው የወረደው። ወንድሜን ወስዷል፣ ልጆቼን ወስዷል። ለልጅ ልጄ የሚሆናትን ይፈልጉበት። ካገኙ በኋላ ግን ይቁም። ዝናሽ በሕይወቷ ዕረፍት አላየችም፤ ለሌላ እንዳይሰጧት፣ ከአገር አገር እንዳያዞሯት። የሚቆምበትንም ቀን እኔ ልወስን።»

ይህ ነው ቃሏ። የምትችዪ ከሆነ ቀጥዪ። የማትችዪ ከሆነ አሁን ንገሪን፤ በኋላ ከሚመጣ ይቅርታ አሁን የሚመጣ እምቢታ ይሻለናል።

ቄስ ገብረ አምላክ


ኬፕታውን፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምሬ ገብረ አምላክና ለእማማ ጥሩሐረግ፣

ለጠየቁኝ፣ ልጅ የለኝም። ሳህኑን የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ። በሐምሌ በአጭሩ «እችላለሁ» ብዬ የላክሁትን መልስ ያገኛችሁ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ያልጻፍኩት ሳልጨርስ ተስፋ ላለመስጠት ነው።

ግንዶቹን ከቅዝቃዜው አወጣሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ልብነት አስተማርኳቸው። እዚህም እንደ እናንተ ሐምሌ ዝናብ ነው፤ ሳህኑ ላይ አጎንብሼ ጣራውን ሲመታው ስሰማ ሰቆጣ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። መምታት ሲጀምሩ፣ ሰው ሲደነግጥ በደሙ ውስጥ የሚረጨውን ነገር ጨመርኩባቸው። ምታቸው ተዘበራረቀ፤ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ይፈታል፣ እንደ ተበተነ ገበያ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ያ የጥቅምት ቀን በፊቴ የተደገመ መሰለኝ።

የተለመደውን ክኒን ስሰጣቸው ትንሽ ረገቡ፤ አልተስተካከሉም። ከዚያ ሌላ መድኃኒት አብሬ ጨመርኩ። አዲስ አይደለም፤ ለሌላ ዓይነት የልብ ምት ሕመም ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። ምታቸው ገጠመ። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ባልደረባዬም የትኛው ሳህን የትኛውን መድኃኒት እንደ ወሰደ ሳልነግረው፣ እኔ የቀረጽኩትን ምት በቪዲዮ አይቶ ፈረደ። ያው ሆነ።

ሳህን ልጅ አይደለም፤ ይህን ለአዲስ አበባው ሐኪም አጥብቄ ጽፌለታለሁ። እሱም ዓይናዲስን ሆስፒታል አስተኝቶ፣ የልብ ምት መከታተያ ማሽን አድርጎላት፣ ሁለቱን መድኃኒት በትንሽ በትንሹ እንደ ጀመረላት ይስማው ነግሮኛል።

ስለዚህ አቆመዋለሁ ብዬ የገባሁት ቃል ጊዜው ደርሷል። አንድ ነገር ግን ሳልሰውር ላስተላልፍ ይገባኛል። ኀላፊዬ እነዚህ ሕዋሶች እንዲቆዩ ይለምናል። ይህ በሽታ ያለባቸው ሌሎች ቤተሰቦች አሉ፤ ለእነሱም ይጠቅም ነበር ይላል። እውነቱን ነው። የእማማን ቃል ነገርኩት፤ አዝኖ ተቀብሎታል። ልመናው እንደዚህ ነው፤ ፍርዱ የእማማ ነው።

ጸሐይነሽ


ሰቆጣ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጸሐይነሽ፣

ዓይናዲስ ደህና ናት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ወዲህ አልወደቀችም። በጥምቀት ከበሮው ሲመታ ከእጄ አምልጣ ከልጆቹ ጋር ሮጠች። ጥሩሐረግ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ሁለታችንም ቆመን አየናት። ተመልሳ መጣችና ውኃ ጠማኝ አለች።

የኀላፊሽን ልመና ለጥሩሐረግ ነገርኳት። አልደብቅሽም፣ እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። ለሌላ ቤት ይጠቅማል ከተባለ ምን አለበት ብዬ ተከራከርኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «ዓይናዲስ ስታድግ የራሷን ደም ትስጥ። አፍ አላት፤ እሺም እምቢም ትላለች። ዝናሽ ግን አትጠየቅም፤ ያልተጠየቀ ሰው ሥራ ይበቃዋል።»

ብዙ አሰብኩበት። እስካሁንም እንደ እሷ አላምንም፤ ግን ሚስቴ ነች፣ ቃልም ተቀብላለች። ኀላፊሽን ይቅር በለን በይልኝ።

ቀኑ የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ይሁን ብላለች። ማግስቱ ጾም ይገባል።

ቄስ ገብረ አምላክ


ኬፕታውን፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ጥሩሐረግና ለመምሬ፣

ትናንት ፈጽሜዋለሁ።

እሑድ ስለ ነበር ሕንፃው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው አልነበረም። የቀዘቀዙትን ሁሉ አውጥቼ በሚገባው መንገድ አጠፋኋቸው፤ የቀረ የለም። የመጨረሻዋን ሳህን ለብቻዋ አቆየኋት። ገና ትመታ ነበር። ከማሞቂያው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ብርዱ ሲያገኛት ዘገየች። እየዘገየች ሄደች። እስክትቆም ድረስ አልሄድኩም። ከቆመችም በኋላ ጥቂት ቆየሁ።

ከዚያ ዕቃውን አጥቤ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቤት ገብቼ የማደርገው ጠፋኝ። ምሳ ሠራሁ፣ አልበላሁም። ባልደረቦቼ ዛሬ ጠዋት ደህና ነሽ ወይ ሲሉኝ ደህና ነኝ አልኳቸው። ምን ልበላቸው?

ለሰጣችሁኝ አደራ አመሰግናለሁ። ዓይናዲስን ሳሙልኝ።

ጸሐይነሽ


ሰቆጣ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጸሐይነሽ፣

ይህ ደብዳቤ የእኔ አይደለም። ጥሩሐረግ በኽምጥኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። ላሳምረው ስል «ያልኩትን ብቻ» እያለች ታስቆመኛለች። እንዲህ ትላለች፦

የጻፍሽውን ይስማው አነበበልኝ። ደግሜ አስነበብኩት። ልጄ ስትሞት ያጠብኳት እኔ ነኝ። ጸጉሯን ያበጠርኩ፣ ጣቶቿን ያቃናሁ እኔ ነኝ። ከእኔ በኋላ የነካት ሰው የለም ብዬ ነበር። ለካ አንቺ ነበርሽ።

እስክትቆም ድረስ አልሄድኩም ብለሻል። የዚያን ቀን እኔ ሱቁ ደጃፍ ስደርስ አልቆ ነበር። ልጄ ስታልፍ አጠገቧ አልነበርኩም፤ ይህ ነው ሲያቃጥለኝ የኖረው። አንቺ አጠገቧ ቆምሽልኝ።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ንፍሮ ቀቅዬ ሰው ጠራሁ። መምሬ ጸሎት አደረሰ። ጎረቤት መጥቶ አብሮኝ ዋለ፤ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዓይናዲስ በሰው መካከል ስትሮጥ ዋለች። ሲመሽ ቀለል አለኝ።

አንቺ ግን ወደ ቤቴ ሄጄ የማደርገው ጠፋኝ ብለሻል። ምሳ ሠርቼ አልበላሁም ብለሻል። ደህና ነኝ አልኳቸው ብለሻል። ይህ እኮ ለቅሶ ነው፣ ልጄ። ለቅሶ ደግሞ ብቻ አይቀመጡትም። እዚያ አገር ለቅሶ የሚደርስሽ ሰው አለ?

ከሌለ ነይ፤ እኛ ጋ ተቀመጪ።